አንዲት ኬክሮስ በእጃችን፦ የላንጋኖ አሸዋና የአባቶቻችን የሰዓት ልክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ በዓላትና ስለ አጽዋማት አቈጣጠር ብዙ ጊዜ ተምረናል። ዛሬ ግን ከዓመትና ከወር ዝቅ ብለን ስለ ሰዓት እንነጋገር። አባቶቻችን ሰዓትን በምን ይለኩ ነበር? በባሕረ ሐሳብ ትምህርት በቃላችን የያዝናት «ኬክሮስ» በእውነት ምን ያህል ርዝመት አላት? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ በላንጋኖ ሐይቅ ዳር የሠራሁት ስሕተት ነውና አስቀድሜ እርሱን ልናገር።

በላንጋኖ ዳርቻ የሆነው

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ሰንበት ትምህርት ቤታችን የዝዋይን ደሴቶች ለመሳለም ከአዳማ ተነሥቶ ነበር። ማደሪያችን በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሆነ። የደረስንበት ቀን ረቡዕ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን። አብረውን የተጓዙ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ ብለን እንጠራቸዋለን። ስልኬ 9 ሰዓት ሲል ተነሥቼ፦ «የኔታ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ጸሎት አድርሰን ማዕዱ ይቅረብ?» አልኋቸው።

የኔታ መልስ ሳይሰጡኝ ከዛፉ ጥላ ወጡና በደልዳላው አሸዋ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። የራሳቸው ጥላ ጫፍ የሚያርፍበትን ቦታ አንድ ልጅ በጠጠር ምልክት እንዲያደርግላቸው አዘዙ። ከዚያም ከቆሙበት ተነሥተው ተረከዛቸውን ከሌላው እግራቸው አውራ ጣት ጋር እያገናኙ እስከ ጠጠሩ ድረስ ጫማ በጫማ ለኩ። አምስት ጫማና ጥቂት ሆነ። «ገና ነው ልጄ» አሉኝ፤ «ጥላዬ ከቁመቴ አልተስተካከለም።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚህም ብሶ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝና፣ ስልክ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንደሚቀበልና በሰከንድ እንደማይሳሳት ለማስረዳት ሞከርሁ። የኔታ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ነገር ግን ከቦታቸው አልተነሡም። ጥላቸው ከቁመታቸው ጋር ሲስተካከል ስልኬን አየሁ፤ 9 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይላል። ጸሎት አደረስን፤ ማዕዱም ቀረበ። እኔ ግን በልቤ «አሮጌው ልማድ ሃያ አምስት ደቂቃ ተሳስቷል» ብዬ ደመደምሁ።

ውድ አንባብያን፣ እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? መልሱን ከማየታችን በፊት የኔታ ያንን ልክ ከየት እንዳገኙት እንመልከት።

የጸሎት ሰዓትና ፀሐይ

ቤተ ክርስቲያናችን ለምእመናን የሠራቻቸው የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሠለስት፣ ቀትርና ተሰዓት የሚታወቁት በፀሐይ ጉዞ ነው። ቅዱሳን ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉበት ሦስት ሰዓት (ሐዋ. 2፥15)፣ ጌታችን በተሰቀለ ጊዜ ጨለማ የሆነበት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት (ማቴ. 27፥45)፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡበት ዘጠኝ ሰዓት (ሐዋ. 3፥1) ሁሉም የሚቈጠሩት ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ዛሬም ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረን ስለምንቈጥር እነዚህን ምዕራፎች ስናነብ ሰዓቱን መተርጐም አያስፈልገንም። «ዘጠኝ ሰዓት» ሲል መጽሐፉም እናታችንም አንድ ናቸው።

በዚህ ሥርዓት ለሚኖር ሰው ሰዓት ማወቅ ማለት የፀሐይን ሥፍራ ማወቅ ነው። ፀሐይን በዓይን አይመለከቷትም፤ ጥላዋን ግን ይለኩታል። በጥላ መለካት እጅግ የቆየ ጥበብ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የሰጠው ምልክት በአካዝ የጥላ ስፍረ ሰዓት ላይ ጥላው ዐሥር ደረጃ ወደ ኋላ መመለሱ እንደነበር እናስታውሳለን (ኢሳ. 38፥8)።

በሀገራችን ደግሞ መለኪያው ከድንጋይ የተሠራ ዕቃ ሳይሆን የሰው አካል ነበር። በግእዝ የብራና መጻሕፍት መካከል ለየወሩና ለየሰዓቱ ጥላው ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚያሳዩ ሠንጠረዦች ይገኛሉ። ኦቶ ኖይገባወር የተባሉት የጥንታዊ ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅም በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ሐሳብ ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ሠንጠረዦች መርምረዋል። ጥበቡ ቀላል ነው። ረጅም ሰው ረጅም ጥላ አለው፤ ነገር ግን እግሩም ረጅም ነው። አብዛኛው ሰው በራሱ ጫማ ቢለካ ቁመቱ ስድስት ተኩል ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ረጅሙም አጭሩም ጥላውን በገዛ እግሩ ሲለካ ተቀራራቢ ቁጥር ያገኛል። መለኪያውን ማንም አይረሳውም፤ አይጠፋበትምም።

ሠንጠረዡ በየወሩ የተለየው ያለ ምክንያት አይደለም። ላንጋኖ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር በትክክል ከአናት በላይ ትሆናለች። ያን ጊዜ የቆመ ሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይጠፋል። በታኅሣሥ ግን በዚያው ቦታ የቀትር ጥላ አራት ጫማ ያህል ነው። የተሰዓት ጥላም እንዲሁ ነው፦ በነሐሴ ከቁመት ጋር ሲስተካከል፣ በታኅሣሥ ወደ ዘጠኝ ጫማ ይረዝማል። የኔታ «ከቁመቴ ሲስተካከል» ያሉት ለዚያ ወርና ለዚያ ቦታ ነበር። ወሩን ሳያውቅ በጥላ ሰዓት የሚቈጥር ሰው ይሳሳታል፤ አባቶቻችን ግን ወሩን ከሰዓቱ አይለዩም ነበር። ስንክሳራችን በየወሩ መግቢያ የዚያ ወር መዓልት ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያወሳው ለዚህ ነው።

ኬክሮስ ምንድን ናት?

ጥላ የሚለካው የታየውን ነው። ያልታየውን፣ ገና የሚመጣውን ዘመን የሚለካው ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ሐሳብ ከ189 ዓ.ም. ጀምሮ በእስክንድርያ መንበር ከተቀመጠው ከ12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ከቅዱስ ድሜጥሮስ ጋር ታያይዘዋለች። ሁላችንም የምናውቃቸው አበቅቴ፣ መጥቅዕና መባጃ ሐመር ከዚህ የሚገኙ ናቸው።

በዚህ ሐሳብ አንድ ዕለት፣ ማለትም መዓልትና ሌሊት በአንድነት፣ በ60 ኬክሮስ ይከፈላል። አንድ ኬክሮስ በ60 ካልዒት፣ አንድ ካልዒት በ60 ሣልሲት፣ እንዲህ እያለ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። ዛሬ በትምህርት ቤት ካርታ ላይ «ኬክሮስ» የሚለውን ቃል ለሌላ ነገር እንጠቀምበታለን፤ በባሕረ ሐሳብ ግን የጊዜ ልክ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። 24 ሰዓት 1,440 ደቂቃ ነው፤ ለ60 ሲካፈል 24 ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ አንዲት ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ አንዲት ካልዒት 24 ሰከንድ ናት። አንድ ሰዓት ሁለት ተኩል ኬክሮስ ነው። ከአንዱ የጸሎት ጊዜ እስከ ሌላው፣ ለምሳሌ ከሠለስት እስከ ቀትር፣ ሰባት ተኩል ኬክሮስ አለ።

ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት የምትሆንበትም ምሥጢር በዚህችው ልክ ይገለጣል። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ነው ይላል ሐሳቡ። አራት ጊዜ 15 ኬክሮስ 60 ይሆናል፤ ይህም አንድ ሙሉ ዕለት ነው። ያች ዕለት በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ላይ ትጨመራለች።

ዕለትን በስድሳ መክፈል የእኛ ብቻ አይደለም፤ በጥንታዊ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ አከፋፈል ነው። ሕንዶችም የዕለትን ስድሳኛ ክፍል፣ ያችኑ 24 ደቂቃ፣ የሚለኩበት መሣሪያ ነበራቸው። ከታች በኩል የተበሳች የመዳብ ጣሳ በውኃ ላይ ያንሳፍፋሉ፤ ውኃ ሞልቷት ስትሰጥም አንድ ክፍል አለፈ ይላሉ።

በማግሥቱ ስለምንሳለማት ስለ ዝዋይ ሐይቅ ሳስብ የዚህ ሐሳብ ዋጋ ይበልጥ ታየኝ። በቱሉ ጉዶ ደሴት በምትገኘው በደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም የሚነገረው ትውፊት፣ በዮዲት ዘመን አባቶች ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚያ እንደተሰደዱ ያስረዳል። የዘይ ሕዝብም በደሴቶቹ ላይ ለዘመናት ክርስትናውን ጠብቆ ኖሯል። በውኃ ተከቦ ለሚኖር ማኅበረ ክርስቲያን የጾሙን መግቢያና የበዓሉን ቀን የሚያውቅበት ሐሳብ ከታንኳው ባላነሰ ያስፈልገዋል። «ነገ ምን ቀን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ጎረቤት ሐገር የለውምና።

ሃያ አምስቱ ደቂቃ የማን ስሕተት ነው?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በዚያች ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ።

ሀገራችን የምትጠቀምበት ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የቀደመ ነው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር 3 ሰዓት ማለት 45 ዲግሪ ምሥራቅ ማለት ነው። ይህ መሥመር የሚያልፈው በምሥራቅ በሶማሌ ክልል በኩል ነው። ስልኬ «ቀትር ሆነ» ሲል ፀሐይ በእርግጥ ከአናት በላይ የምትሆነው በአማካይ በዚያ መሥመር ላይ ላሉ ሰዎች ነው። ላንጋኖ ግን 38 ከሦስት ሩብ ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ከመሥመሩ 6 ዲግሪ ከሩብ ወደ ምዕራብ ትርቃለች። ፀሐይ አንዷን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ትሻገራለች። 6 ከሩብ ጊዜ 4፣ 25 ደቂቃ ነው።

እርሳሱን አስቀመጥሁ። ልዩነቱ የኔታ ከጠበቋቸው ደቂቃዎች ጋር አንድ ነበር። በዓመቱ ውስጥ ይህ ልዩነት የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ወራት አለ፤ በነሐሴ መጨረሻ ግን ጭማሪውና ቅናሹ ከዜሮ አጠገብ ስለሚሆን ስሌቱ በቀጥታ ይወጣል። የኔታ ጥላ ለላንጋኖ ፀሐይ እውነተኛውን ተሰዓት ተናግሮ ነበር። ስልኬም ለሀገሪቱ ሁሉ የተስማሙበትን ሰዓት በትክክል ተናግሯል። በሁለቱ መካከል ያለው 25 ደቂቃ ደግሞ አንዲት ኬክሮስ ያህል ናት። በቃሌ የሸመደድኋት ኬክሮስ በዓይኔ ፊት፣ በአሸዋው ላይ፣ ከአምስት ጫማ እስከ ስድስት ተኩል ተዘርግታ ነበር፤ እኔ ግን ሳቅሁባት።

በማለዳ የኔታ እግር ሥር ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ስሌቱንም አሳየኋቸው። ወረቀቱን በጥሞና ተመለከቱና፦ «ስልክህም አልተሳሳተ፣ ጥላውም አልተሳሳተ። የተሳሳተው አለመጠየቅህ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሰማይ አመለከቱ። ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ነበር። «ዛሬ ደግሞ ጥላ የለም፤ በምን ትለካለህ?»

ጥላ ሲጠፋ፦ የውኃና የአሸዋ ሰዓት

የየኔታ ጥያቄ የሰው ልጅ ሁሉ የቆየ ጥያቄ ነው። ጥላ በሌሊት የለም፤ በክረምትም ይሰወራል። በገዳማትና በገጠር አጥቢያዎች የዶሮ ጩኸትና የከዋክብት መውጣት የሌሊቱን ጸሎት ጊዜ ያመለክታሉ፤ የዳዊት ንባብም ራሱ ልክ ነው። መቶ ኀምሳው መዝሙር ዐሥር ዐሥር እየሆነ በ15 ንጉሥ ተከፍሎ ለሳምንቱ ዕለታት ይታደላል፤ አንድ ንጉሥ አድርሶ የጨረሰ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ያውቃል። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ሰዓታትን ሲደርስም ሌሊቱና መዓልቱ በየሰዓቱ ምስጋና እንዲሞላ አድርጓል።

ሌሎች ሕዝቦች ደግሞ የሚፈስ ነገርን መለኪያ አደረጉ። ግብጻውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ አሜንሆቴፕ ሣልሳዊ ጊዜ የተሠራ የውኃ ሰዓት በካርናክ ትተዋል። የውኃ ችግሩ ግን ይህ ነው፦ ዕቃው ሙሉ ሲሆን ውኃው በኃይል ይወጣል፤ ሲጎድል ይዝላል። ስለዚህ የካርናኩን ዕቃ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ አድርገው ሠሩት።

የአሸዋ ሰዓት የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። በጣልያን ሲየና ከተማ አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እ.ኤ.አ. ገደማ በሣለው የግድግዳ ሥዕል ላይ፣ ራስን መግዛትን የምትወክል ሴት የአሸዋ ሰዓት በእጇ ይዛ ትታያለች። ይህ ከታወቁት ሥዕሎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ዘመኑ በሀገራችን ዐፄ ዓምደ ጽዮን የነገሡበት ነበር። ከዚያ በኋላ መርከበኞች ወደዱት፤ ማዕበል ቢያናውጠው አይፈስስምና። በየግማሽ ሰዓቱ የሚገለብጥ ጠባቂ ተመድቦ ሲገለብጥ ደወል ይመታ ነበር። በ1519 እ.ኤ.አ. የተነሡት የማጄላን መርከቦችም የአሸዋ ሰዓት ይዘው ተጉዘዋል።

አሸዋ ከውኃ የሚለይበት አስደናቂ ጠባይ አለው። ላዩ ቢበዛም ቢያንስም ከቀዳዳው የሚወርደው እኩል ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ጃንሰን የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ የእህል ጎተራዎችን ሲመረምር፣ የእህሉን ክብደት ትልቁን ድርሻ ወለሉ ሳይሆን ግድግዳው እንደሚሸከመው አሳየ። በቀዳዳው አካባቢም ፍሬዎቹ እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ የላዩን ጭነት ይከለክላሉ። ስለዚህ ግማሽ አሸዋ ግማሽ ጊዜ ነው። በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ በረከት ነው።

አንዲት ኬክሮስ የምትለካ የአሸዋ ሰዓት

ለየኔታ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ከልጆቹ ጋር አንዲት ኬክሮስ የምትለካ የአሸዋ ሰዓት ለመሥራት ተነሣን። የመጀመሪያዋ አልሠራችም። ከሐይቁ ዳር ያፈስነውን አሸዋ እንዲሁ ሞላንበት፤ ጥቂት ወርዶ ቆመ። ስንመታው ይወርዳል፤ ደግሞ ይቆማል። የሚቆም ሰዓት ደግሞ ከሌለ ሰዓት ይብሳል፤ ያታልላልና። ሦስት ጊዜ አፍርሰን ከሠራን በኋላ የተማርነውን እነሆ፦

አንደኛ፣ ባለ አንድ ሊትር ሁለት እኩል የውኃ ሃይላንድ ከነክዳናቸው ውሰዱ። ውስጣቸው ፍጹም ደረቅ ይሁን። ሁለቱን ክዳኖች ጀርባ ለጀርባ በሱፐር ግሉ አጣብቁ፤ ዙሪያውንም በፕላስተር ጠቅልሉ።

ሁለተኛ፣ በተጣበቁት ክዳኖች መካከል በእሳት በጋለ ቀጭን ምስማር አንድ ቀዳዳ ብሱ፤ ስፋቱ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። የቀለጠውን የፕላስቲክ ጠርዝ በምላጭ አስተካክሉ፤ እኛን ሁለተኛ ጊዜ ያሰናከለን ይህ ጠርዝ ነበር። ቀዳዳው ከትልቁ የአሸዋ ፍሬ ቢያንስ ስድስት እጥፍ ሊሰፋ ይገባል፤ ካልሆነ ፍሬዎቹ በአፉ ላይ እንደ ቅስት ድልድይ ተደጋግፈው ይዘጉታል። እጅግ አታስፉትም፤ ቀዳዳው በእጥፍ ቢሰፋ ፍሰቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ይጨምራልና።

ሦስተኛ፣ አሸዋውን እጠቡ። የላንጋኖ አሸዋ የእሳተ ገሞራ ምድር አሸዋ ነው፤ ውስጡ ቀላል፣ ሸካራና የተቦረቦረ ጠጠር አለበት። በባልዲ ውኃ ስታማስሉት ያ ጠጠር ይንሳፈፋል፤ ጠልላችሁ ጣሉት። ውኃውን የሚያደፈርሰውን ደቃቅ አፈርም ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማችሁ አስወግዱ።

አራተኛ፣ አድርቁት። ፀሐይ ብቻ አይበቃውም፤ በብረት ምጣድ ላይ እያማሰላችሁ አምሱትና አቀዝቅዙት። ጥቂት እርጥበት ፍሬዎቹን ያጣብቃል።

አምስተኛ፣ ሁለት ጊዜ ንፉት። መጀመሪያ በደቃቅ የሻይ ማጥለያ አሳልፋችሁ ከላይ የቀረውን ሻካራ ጣሉ። ከዚያ ያለፈውን በስስ ጨርቅ ላይ አራግፉና ዱቄት ሆኖ የሚወርደውን ጣሉ። ዱቄቱን መጣል ለምን አስፈለገ? አሸዋ ሲወርድ ከታች ያለው አየር በፍሬዎቹ መካከል ወደ ላይ መውጣት አለበት። ዱቄት ካለ መንገዱን ይዘጋበታል፤ ያን ጊዜ ፍሰቱ እየተቋረጠ ይንጠባጠባል። የሚቀረው አሸዋ መጠኑ የተቀራረበ መሆን አለበት።

ስድስተኛ፣ ለኩ። ከግማሽ ሊትር ጥቂት የበለጠ አሸዋ ሞልታችሁ ገልብጡና ጊዜውን ያዙ። ፍሰቱ እኩል ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 20 ደቂቃ ከፈጀ የአሸዋውን አንድ አምስተኛ ጨምሩ፤ 30 ደቂቃ ከፈጀ አንድ አምስተኛውን ቀንሱ። 24 ደቂቃ ላይ ስትደርስ ክዳኑን አጥብቃችሁ በፕላስተር አሽጉ፤ እርጥበት እንዳይገባባት።

የፈረንሳይ ሰዎች ይህን ድካም ቀድመው ያውቁት ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፓሪስ የተጻፈ አንድ የቤት አያያዝ መጽሐፍ ለሰዓት የሚሆን አሸዋ አዘገጃጀትን ያስተምራል። ጥቁር እብነ በረድ ሲሰነጠቅ የሚወድቀውን ደቃቅ በወይን ጠጅ ቀቅሎ፣ አረፋውን ገፎ፣ በፀሐይ ማድረቅ፤ ይህንም ዘጠኝ ጊዜ መደጋገም። ዘጠኝ ጊዜ! እኛ በሦስተኛው ተማረርን።

ከአሸዋው ምን እንውሰድ?

ዓርብ ጠዋትም ሰማዩ አልጠራም ነበር። የኔታ ሠለስትን በስልክ ካስያዙን በኋላ ስልኮቻችንን ሰበሰቡና የአሸዋዋን ሰዓት በመካከላችን አቆሙ። እስከ ቀትር ሰባት ጊዜ ተኩል ልንገለብጣት ተራ ተከፋፈልን። አንድ ልጅ ይጠብቃል፤ ስትፈስስ «ኬክሮስ!» ብሎ ይጣራል፤ ሌላው በወረቀት ላይ ያሠምራል። በመጀመሪያዋ ኬክሮስ ከዳዊት አንድ ንጉሥ በርጋታ አደረስን፤ ስንጨርስ ከላይ ጥቂት አሸዋ ቀርቶ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች 24 ደቂቃ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን እንደማያውቁ ተናገሩ። ስልክ ላይ ተቀምጠን 24 ደቂቃ ስናሳልፍ አንሰማትም፤ እንደ አሸዋ ስትወርድ ስናያት ግን ታስፈራለች። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ዘመን መዋጀት የጻፈውን (ኤፌ. 5፥16) ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ጠዋት ግን የሚዋጀው ዘመን ክብደት ያለው ነገር መሰለኝ።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን የጻፍሁት በየአጥቢያችሁ በግድግዳ ሰዓት የሚፈጸመውን ሥርዓት እንድትነቅፉ አይደለም። በአንድነት ለማመስገን በአንድ ሰዓት መስማማት ግድ ነው፤ ደወልም የሚደወለው ለዚሁ ነው። ከሁለት ፈተናዎች እንድንጠበቅ ግን እለምናችኋለሁ። አንደኛው እኔ የወደቅሁበት ነው፤ የአባቶችን ነገር ሳይመረምሩ «አሮጌ ነው» ብሎ መሳቅ። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ሳይመረምሩ «የእኛ ከሁሉ ይበልጣል» ብሎ መፎከር። ሁለቱም አንድ ሥር አላቸው፤ ሁለቱም አይለኩም። አባቶቻችን ግን በገዛ እግራቸው ለክተው፣ ወሩን ጠይቀው፣ ቆጥረው የተናገሩ ነበሩ። የእነርሱ ልጅ መሆን ቁጥራቸውን በቃል ከመያዝ አልፎ እንደ እነርሱ መለካትን ይጠይቃል።

እንግዲህ በሚመጣው ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። በፀሐያማ ቀን፣ ስልካችሁ 9 ሰዓት ሲል፣ በደልዳላ ሥፍራ ቆማችሁ ጥላችሁን በጫማችሁ ለኩ፤ ወሩንና ቦታውን ጨምራችሁ ጻፉት። ከአንድ ኬክሮስ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ለዓመት ያህል ይህን ብታደርጉ የገዛ አጥቢያችሁ የጥላ ሠንጠረዥ ይኖራችኋል። ከዚያም በአጠገባችሁ ካሉ መምህራን ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ እኔ ዘግይቼ የጠየቅሁትን እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የአሸዋዋ ሰዓት አሁን በሰንበት ትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ ናት። በላይዋ የኔታ በገዛ እጃቸው «ኬክሮስ» ብለው ጽፈውባታል።

ዘመናትን የሚያፈራርቅ እግዚአብሔር ቀሪውን ዘመናችንን ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።